በገንዘብ ስለሚገኝ መንጃ ፈቃድ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሌሎች ሰዎች ስለ ፍቅረ ሀገር፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ ጀግንነት ሲጽፉልህ እኔ ስለ ሞተር ብስክሌትና ስለ መኪና ፈተና ልጽፍልህ መነሣቴ ያስቅህ ይሆናል። ብትስቅ አልቀየምህም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው። እኔ በዚህ በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ አካባቢ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጆች ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ መምህር ነኝ። ካስተማርኋቸው ልጆች መካከል በበሽታ ሞተው ከቀበርኋቸው ይልቅ በመንገድ ላይ ሞተው የቀበርኋቸው ይበዛሉ። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የቀልድ ነገር አይደለም።

የምሟገተው ከአንድ አነጋገር ጋር ነው። ይኸውም «መንጃ ፈቃድ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን እንደምንም ያዝ፤ መንዳቱን መንገዱ ያስተምርሃል» የሚለው ነው። ይህን ሲናገሩ የምሰማቸው ሌቦችና ወንበዴዎች ቢሆኑ ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። የሚናገሩት ግን ጨዋ አባቶች፣ የልጃቸውን እንጀራ የሚሹ እናቶች፣ በሰርግ ቤት ከፍ ካለው ወንበር የሚቀመጡ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ምክር አድርገው ይናገሩታል፤ ልጁም ምክር ነው ብሎ ይቀበላል።

በ1981 ዓ.ም. የገጠር ትምህርት ቤቶችን እየተዘዋወርሁ እንድቆጣጠር ታዘዝሁና አንድ ያማሃ ሞተር ብስክሌት ተሰጠኝ። እስከዚያ ድረስ የምሄደው በፈረስ ነበር። ባሌ የፈረስ ሀገር ነው፤ በፈረስ ላይ ያደገ ሰው ደግሞ ትዕቢት አያጣውም። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከመምህሮቻችን አንዱ በሞተር ብስክሌት ሲመላለስ እያየሁ ስላደግሁ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካስ ፈረስና ሞተር የሚመሳሰሉት በመቀመጫቸው ብቻ ኖሯል። ፈረስ ገደል ሲያይ ራሱ ይቆማል፤ ጌታው ሰክሮ ቢያንቀላፋ እንኳ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ሞተሩ ግን የነጂውን ስሕተት ሳይከራከር ይፈጽማል።

ለፈተና የቀረብሁት በሌላ ከተማ ነው። በሜዳው ላይ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች በስምንት ቁጥር ቅርጽ ተደርድረዋል፤ ተፈታኙ በድንጋዮቹ መካከል እግሩን መሬት ሳያስነካ ቀስ ብሎ መዞር አለበት። እኔ ሁለት ጊዜ እግሬን አወረድሁ። ፈታኙ ቀጠን ያለ፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው ነበር። «መምህር፣ እግርዎ ሁለት ጊዜ መሬት ነክቷል። ተለማምደው ይምጡ» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ተማሪዎች እኮ ይጠብቁኛል» አልሁት።

«ተማሪዎቹ በመንገድ ላይ አይሄዱም?» አለና የሚቀጥለውን ጠራ።

ሁለት ወር ሙሉ ያን ሰው ጠላሁት። ለባልንጀሮቼም «ስምንት ቁጥር በየትኛው መንገድ ላይ ነው ያለ? ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ስሄድ አንድም ስምንት አላየሁም» እያልሁ አማሁት። ዛሬም ይህንኑ ሐሜት ከወጣቶች አፍ እሰማዋለሁና መልሱን ልንገርህ። ሞተርን በፍጥነት መንዳት ቀላል ነው፤ ፍጥነቱ ራሱ ሚዛን ይሰጠዋል። የሚከብደው በዝግታ መንዳት ነው። በዝግታ ሲሆን ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘህ፣ የኋላውን ፍሬን በልክ ረግጠህ፣ ዓይንህን ከድንጋዩ ላይ አንሥተህ ወደምትወጣበት መመልከት ይኖርብሃል። ጀማሪ ድንጋዩን ሲያይ ድንጋዩን ይመታል፤ ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳልና። ይህን ሁሉ በሜዳ ላይ ሳልማር በሐምሌ ጭጋግ፣ በረጠበ መንገድ፣ አንዲት ሕፃን በጎቿን እየነዳች ከፊቴ ብትገባ ምን እሆን ነበር? ይህ የፈጠራ ጥያቄ አይደለም። ሁለተኛውን ፈተና አልፌ ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ሳምንት በዚያው መንገድ ላይ ይኸው ነገር ደረሰብኝ። በጎቹ መካከል እንደዚያ በስምንት ቁጥር ዞሬ ወጣሁ። ሕፃኒቱም ሰድባኝ ሄደች። ፈታኙን ይቅርታ የጠየቅሁት በልቤ ነው፤ ዳግመኛ አላገኘሁትምና።

አባቶቻችን ይህን ሙያ እንዴት አድርገው እንደ ተቀበሉት ማወቅም ይገባል። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ጊዜ ግድም፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ የመኪናን ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ሀገር ተላኩ። አንተ ምናልባት በዘፋኝነታቸው ታውቃቸዋለህ፤ ድምፃቸው በሸክላ የተቀረጸው በዚያው ጉዞ ነበርና። አስተውል፤ በሀገሩ ውስጥ መኪና በጣት በሚቆጠርበት ዘመን፣ የሚገጩት ሰው እንኳ እምብዛም በሌለበት፣ ሙያው ባሕር አሻግሮ ሰው የሚያስልክ ነበር። ዛሬ መኪናው መንገዱን ሞልቶት ሳለ ሙያው ከሻይ ቤት ጀርባ በሹክሹክታ ይሸጣል።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር እመጣለሁ። በ1994 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። ከሲናና በኩል የሚመጣ አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ጠባዩ መልካም፣ እጁ ለሥራ የቀለጠፈ፣ ለመጽሐፍ ግን ብዙም የማይደላ። በዓመቱ መጨረሻ ያገኘው ነጥብ 43 ሆነ። አባቱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከቤቴ መጣና «ባርሲሳ፣ ልጁ ሹፌር መሆን ነው የሚፈልገው፤ የትምህርት ማስረጃ ካላመጣ አይመዘግቡትም። እርሻዬ ጠባብ ነው፤ ለአራት ወንድማማች አይበቃም» አለኝ። ገንዘብ አልሰጠኝም፤ ቢሰጠኝም ባልተቀበልሁ ነበር። አዘንሁለት። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ በማግስቱ 43ቱን 50 አደረግሁት። ያን ቀን ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ እንደ ነበር አልክድም። ልጁም ወረቀቱን ተቀብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል አንሥቼ አቀፍሁት።

በ2003 ዓ.ም. ያን ልጅ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሁለቱ እግሮቹ ተሰብረው አገኘሁት።

የሰነቴን መንገድ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ልግለጽለት። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በመጀመሪያ ወደ ሰነቴ ሜዳ ይወጣል። ያ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ከሁለት ሦስተኛ ያንሳል፤ ስለዚህ ሰውም ሞተርም ይደክማል። ጭጋጉ ሲወርድ ከመኪናህ አፍንጫ ወዲያ አታይም። በዓለም ላይ ቁጥሩ እጅግ ያነሰው ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በዚያ ነው፤ እርሱም ፈጣን መኪና የሚቀጥፈው ጊዜ አለ። ከሜዳው ጫፍ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ጫካ፣ ወደ ርራ፣ ከዚያም ወደ ቆላው ይወርዳል። ቁልቁለቱ በድምሩ ከሁለት ሺህ ሜትር ይበልጣል።

ልጁ አይሱዙ ሲነዳ ነበር፤ ጭነቱ ድንችና ስንዴ ነው። በጭነቱም ላይ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ሁለቱ ሞቱ። ከሁለቱ አንዱ ረዳቱ ነበር፤ ገና ጺም ያላወጣ ልጅ።

«ባርሲሳ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ፎሌ አደረግሁት» አለኝ። «ሲፈጥንብኝ ፍሬን ያዝሁ። ጥቂት ያዘልኝ፤ ከዚያ በኋላ እግሬ እስከ ወለሉ ገባ።»

«ማርሽ አታስገባም ነበር?»

«ሞከርሁ፤ እምቢ አለኝ።»

«ቁልቁለት በከባድ ማርሽ እንደሚወረድ አስተማሪህ አልነገረህም?»

«የቱ አስተማሪ? ሜዳ ላይ አራት ቀን ዞርሁ። የቀረውን አባቴ በሬ ሸጦ ጨረሰልኝ።»

ይህን ሰምቼ ዝም አልሁ። የሳይንስ መምህሩ እኔ ነኝና። ሰበቃ ሙቀት እንደሚወልድ፣ የሚወርድ ሸክም ኃይሉ ወደ አንድ ነገር መለወጥ እንዳለበት፣ ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁለት እኔ ነበርሁ። ብዙ ቶን የሚመዝን መኪና ከዚያ ቁልቁለት ሲወርድ ክብደቱ የሚወልደውን ኃይል ሞተሩ በከባድ ማርሽ ካልተሸከመው ፍሬኑ ብቻውን ሊሸከም ነው፤ ፍሬኑም ይግላል፤ ዘይቱ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ እንፋሎት እንጂ ጉልበት አያስተላልፍም። ሰባቱን ነጥብ ያጣው በዚህ ጥያቄ ነበር ብልህ ታሪኩ ያምር ነበር፤ ግን በየትኛው ጥያቄ እንደ ወደቀ አላስታውስም፤ አልፈጥርምም። የማውቀው አለማወቁን አይቼ «ያውቃል» ብዬ መፈረሜን ነው። (ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፎሌ፤ እነዚህን ቃላት ከጣልያን ወስደናል። ፎሌ በጣልያንኛ እብድ ማለት ነው። ሹፌሮቻችን ይህን ቢያውቁ ምናልባት ቁልቁለት ላይ ባላደረጉት።)

እንግዲህ ወጣት ወዳጄ፣ ጉቦ የሚበላውን ፈታኝ መስደብ ቀላል ነው፤ እኔም እሰድበዋለሁ። ሰው የማይነዳውን ነጂ ነው ብሎ የሚፈርም፣ ፊርማውንም በገንዘብ የሚለውጥ ሰው፣ ጥይት ጎርሶ የተቀባበለ ጠመንጃ ለሕፃን እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው። ነገር ግን ከእርሱ አስቀድሞ እኔ አለሁ። እኔ አንድ ሳንቲም ሳልቀበል በር ከፈትሁ፤ እርሱ በከፈትሁት በር ገንዘብ ተቀበለ። በሀገራችን ከጉቦ የሚብሰው ይህ ሐሰተኛ ርኅራኄ ነው እላለሁ። ጉቦ በላተኛ ሌሊት ሕሊናው ሊወቅሰው ይችላል፤ ርኅሩኁ ግን ደስ ብሎት ይተኛል። «ልጁን ልርዳው»፣ «እንጀራውን አልዝጋበት»፣ «ሰው ለሰው ነው» ይላል። በሐረና ቁልቁለት ላይ የሞቱት ሁለቱ ሰዎች አልነበሩምን? ስለ እነርሱ ማን አዘነ? ቤቴ መጥተው ባርኔጣቸውን አላወለቁምና አላየኋቸውም።

በኦሪት ሕግ፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳያስረው የቀረ ሰው በሬው ሰው በገደለ ጊዜ እርሱም ተጠያቂ ነበር። «ወግቶ የገደለው በሬው ነው» ብሎ ማምለጥ አልነበረለትም። እኔም ተነግሮኝ ነበር፤ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ በ43።

ይህ በሽታ በመንጃ ፈቃድ ብቻ እንዳልቀረ አንተው ታውቃለህ። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ከየቀያቸው ተወስደው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተፈተኑ፤ ውጤቱ ሲገለጽ ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ብዙ ሰው ፈተናውን ረገመ። እኔ ግን ራሴን ነው ያየሁት፤ እነዚያን ልጆች ከክፍል ወደ ክፍል በርኅራኄ ያሳለፍናቸው እኛ መምህራን ነንና። በሒሳብ የወደቀ ልጅ ቢያንስ የሚጎዳው አስቀድሞ ራሱን ነው። መሪ የጨበጠ ግን ከራሱ አስቀድሞ እግረኛውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. እንዳስታወቀው በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ወጣቶች በመግደልም ከበሽታ ሁሉ ይቀድማል። ይህ ያንተ ዕድሜ ነው።

«ድሀ ነኝ፤ ባጃጅ ነድቼ እናቴን ልርዳ» ትለኝ ይሆናል። ድህነትህን አልንቅም። ግን በሮቤ ገበያ ዳር በእግሯ የምትሄደው ሴት መኪና ስለሌላት አይደለምን በእግሯ የምትሄደው? ድሀ ሆነህ ድሀ ብትገጭ ድህነት አልቀነሰም።

ከዚህ ሁሉ የሚጠነክር አንድ ሙግት አለ፤ እርሱን ዘልዬ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። «የማይከፍለውን ሆን ብለው ይጥሉታል፤ እንግዲያስ ምን እናድርግ?» የሚለው ነው። ይህን ሰምቼ ብቻ አልመልስም፤ ቀምሼዋለሁ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ በ61 ዓመቴ፣ ልጄ አንዲት ያገለገለች ቪትዝ አመጣልኝና መኪና መንዳት ልማር ገባሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አሰልጣኙ ወደ ጎን ወሰደኝና «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን ያደክምዎታል? የሻይ የምትሆነውን ይስጡኝና እኔ እጨርስልዎታለሁ» አለኝ። የሻይ! ጉቦ የሚለውን ስሙን የሚጠራ ሰው ጠፍቷል፤ «ማለስለሻ»፣ «ጉዳይ መጨረሻ»፣ «የሻይ» እየተባለ ስሙ ሲለሰልስ እጁም ለሰለሰ። «ልጄ፣ እኔ ሻይ በሁለት ስኳር ነው የምጠጣው፤ ያን ያህል ውድ አይደለም» አልሁት። ሳቀ፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ልምምዱን አሳጠረብኝ።

በመጀመሪያው ፈተና ወደ ኋላ ስሄድ ዘንጉን ገፋሁት፤ ተጣልሁ፤ ይገባኝ ነበር። በሁለተኛው ዘንጉን አልነካሁም፤ ዳገት ላይ አቁሜ ሳላንሸራትት አስነሣሁ፤ ፍሬቻ አሳየሁ፤ ስፖኪዮውን ተመለከትሁ፤ «አላለፉም» ተባልሁ። ምክንያቱን ብጠይቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ከእኔ በኋላ የገባው ወጣት ሁለት ዘንግ ጥሎ እየሳቀ ወረደና አለፈ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ልከፍል አስቤ ነበር። ገንዘቡም በኪሴ ነበር። ያስቆመኝ መልካምነቴ አይደለም፤ ያ የሆስፒታል አልጋ ነው።

በሕግ በኩል የጎደለ ነገር የለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074፣ ሁለቱም ነጂ ሠልጥኖና ተፈትኖ እንዲፈቀድለት አዝዘዋል። የጎደለው «አልፈልግም፤ እንደገና ፈትኑኝ» የሚል ሰው ነው። እኔ ለሦስተኛ ጊዜ ስቀርብ ሁለት ጎረቤቶቼን ይዤ ሄድሁ፤ ከሜዳው ዳር ቆመው እንዲያዩ። ያለፈውንም ውጤቴን በጽሑፍ ጠየቅሁ። ፈታኙ ሌላ ሰው ነበርና አለፍሁ፤ ጎረቤቶቼ ባይኖሩ አልፍ ነበር ወይ ብትለኝ፣ እንጃ። ሦስት ጊዜ የከፈልሁት የፈተና ክፍያ ግን አሰልጣኙ ከጠየቀኝ ሻይ ያንሳል። አንድ ሰው ሲሆን ሞኝ ይባላል፤ አሥር ሰው ወደዚያ ሜዳ እየተያየ ቢመጣ፣ ሁሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ ሻይ ጠያቂው ያፍራል እላለሁ። አሥሩን ከየት እናምጣ ካልህ፣ አንዷን አግኝቻለሁ።

በጎረቤታችን ያለች፣ ለግብርና ሥራ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የምትመላለስ አንዲት ወጣት ናት። መሥሪያ ቤቷ ሞተር ሊሰጣት ተዘጋጅቷል፤ ፈቃዱ ብቻ ቀርቷታል። ስምንት ቁጥሩ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ባለፈው እሑድ ማታ መጣችና «ጋሼ፣ ልክፈል ወይስ ሥራውን ልተወው?» አለችኝ። «እግርሽ መሬት ነክቶ ነበር?» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ «አዎ፣ አንድ ጊዜ» አለች። እንግዲያው ፈታኙ አልበደለሽም አልኋት። አኮረፈች፤ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሳ መጣች። ገብሱ ከታጨደበት ከጓሮዬ ማሳ ላይ አሥራ አራት ድንጋይ ለቅመን ደረደርን፤ ኖራ ስላልነበረን አመድ ቀባናቸው። ሞተሩን ከአንድ ዘመዷ ተውሳለች። ትናንት ማታ አራት ጊዜ ዞረች፤ በአራተኛው ላይ ዓይኗን ከድንጋዩ አነሣች። ፈተናው ማክሰኞ ነው፤ እኔና ሁለቱ ጎረቤቶቼ ከሜዳው ዳር እንቆማለን።